የሃሎዊን የእጅ ሥራ በቤት ውስጥ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ኦክቶበር ሲገባ አሜሪካ ውስጥ ሱቁ ሁሉ ብርቱካናማና ጥቁር ይለብሳል። ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመጡ "እኛስ ቤት ምን እንሠራለን?" ማለት ይጀምራሉ። እዚህ የመለስኳቸው የሐበሻ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ሱቅ ሄዶ ሃምሳና ስልሳ ዶላር ከማፍሰስ ይልቅ ቤት ባለ ካርቶን፣ ጨርቅና ዱቄት ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ መሥራት በጣም ይሻላል። የተሠራው ነገር ጠማማ ቢሆንም እንኳ።

ለአገሩ አዲስ ነኝ። ሃሎዊን ላይ ከእኔ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ምንም ግዴታ የለባችሁም። ቀኑ ኦክቶበር 31 ነው። ሲመሽ ልጆች ኮስቱም ለብሰው በየቤቱ እየዞሩ "ትሪክ ኦር ትሪት" ይላሉ፣ ከረሜላ ይሰጣቸዋል። የደጃፍ መብራቱ የበራ ቤት "ኑ" እያለ ነው፣ መብራቱ የጠፋ ቤት ይታለፋል። በቡሄ ሆያ ሆዬ እየጨፈረ ሙልሙል የሰበሰበ ሰው በየቤቱ መዞሩ አይገርመውም። የእጅ ሥራውም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥሎ፣ ከለር ቀብቶ ለጎረቤት ያደረሰ ልጅ፣ በገዛ እጅ የተሠራን ነገር ይዞ ደጅ ማንኳኳት ምን ያህል እንደሚያኮራ ያውቀዋል።

ሃይማኖታችን ይህን አይወድም። ልጄን ከሌሎቹ ሳልነጥል ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ነው፤ ጥያቄውን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። ወርኃዊው የማርያም ቀን ነው፣ በዚያ ቀን የአጽምና የጠንቋይ ሥዕል ደጃፍ ላይ መስቀል የሚከብደው ሰው ቢኖር አይገርመኝም። በፕሮቴስታንት ቤተሰቦችም ዘንድ ተመሳሳይ ስሜት አለ። ውሳኔው የእናንተ ነው፣ የንስሐ አባታችሁን ወይም ፓስተራችሁን አማክሩ።

የእጅ ሥራውን ግን ከጭራቅና ከመንፈስ ነጥሎ መሥራት ይቻላል። ያልተቆረጠ ዱባ፣ የረገፈ ቅጠል፣ በቆሎ፣ ጉጉት፣ የሱፍ አበባ፤ እነዚህ የመኸር ጌጦች ናቸው፣ እስከ ታንክስጊቪንግ (በኖቬምበር መጨረሻ እስከሚውለው የምስጋና በዓል) ድረስ ሳይነሱ መቆየትም ይችላሉ። የልጃችሁ ክፍል ውስጥ የማትፈልጉት ነገር የሚሠራ ከሆነ ለአስተማሪዋ ቀደም ብላችሁ ንገሯት። በዕለቱ ጠዋት ከመናገር ይልቅ ከሳምንት በፊት ከነገራችኋት ለልጁ ሌላ ሥራ ልታዘጋጅለት ትችላለች፣ እሱም ጥግ ይዞ አይቀመጥም።

መቼ ልጀምር?

የወረቀቱን ሥራ በኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት። መድረቅ የሚፈልገውን፣ ማለትም የዱቄት ሙጫና የኮላ ሥራውን፣ በወሩ አጋማሽ። ኮስቱም ቢያንስ ከዐሥር ቀን በፊት፣ ምክንያቱም ልጅ ሐሳቡን ይቀይራል። ዱባ መቁረጥ መጨረሻ ላይ ነው።

ምን ምን መግዛት አለብኝ?

በጣም ጥቂት ነገር። ጥቁርና ብርቱካናማ ወፍራም ወረቀት፣ ነጭ ኮላ (አገር ቤት ቪናቪል የምንለው ዓይነት)፣ ማርከር፣ የልጅ መቀስ፣ ጥቂት ፊኛ። ሌላውን ከዛሬ ጀምሮ ከመጣል አስቀሩት፦ የእንቁላል ካርቶን፣ የሶፍት መሃል ካርቶን፣ የቲማቲም ጣሳ፣ የማስታወቂያ ጋዜጣ፣ ዕቃ የመጣበት ትልቅ ካርቶን፣ ያረጀ አንሶላ። የተከራያችሁት ቤት ከሆነ ሰማያዊውን የቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ግዙ። ግልጹ ፕላስተር ሲነሳ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይነሳል፣ ከዚያ ከዲፖዚት ይቆረጥባችኋል።

ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። ምን መሥራት ይችላል?

መቀስ የሌለበት ነገር። የሶፍት ካርቶኑን በነጭ ሶፍት ወይም በሻሽ እንዲጠቀልል ስጡት፣ እናንተ ሁለት ዓይን ትለጥፉበታላችሁ፣ ግብጻዊ ሙሚ ሆነ። ወይም እግሩን ነጭ ቀለም ቀቡና ጥቁር ወረቀት ላይ እንዲረግጥ አድርጉ። ወረቀቱን ስትገለብጡት ተረከዙ ራስ፣ ጣቶቹ ደግሞ የቀሚሱ ጫፍ ይሆናሉ፣ ልጆቹ ጎስት የሚሉት ነጭ መንፈስ ወጣ ማለት ነው። ዓመቱን ከጀርባው ጻፉበት። ዓይን የሚሆኑ ትናንሽ ፕላስቲኮችንና አዝራሮችን ግን ከእጁ አርቁ፣ በዚህ ዕድሜ ሁሉም ነገር አፍ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ በሁለት ዓመት ለሚበልጥ፣ አምስት ዓመት ገደማ ለሆነ ልጅ የእንቁላል ካርቶን ሸረሪት ጥሩ ነው። አንዱን ጎድጓዳ ቆርጣችሁ ስጡት፣ ጥቁር ይቀባው፣ ለስምንቱ እግር ቀዳዳ አበጁለት፣ በሽቦ የተሠራውን ፀጉራም ክር ያስገባ። እግሩን ራሱ ይቁጠር።

ዱባ ላይ ፊት እንዴት ነው የሚወጣው? ሁልጊዜ ይሰበርብኛል።

ሥራው የሚጀምረው ከአመራረጥ ነው። ታቹ ጠፍጣፋ፣ ቆዳው ጠንካራ፣ ግንዱ አረንጓዴና ያልደረቀ ዱባ ፈልጉ። በጣታችሁ ስትጫኑት የሚሰረጉድ ቦታ ካለው ተዉት፣ ከውስጥ መበስበስ ጀምሯል። ስትሸከሙትም ከታቹ ያዙት፤ ግንዱ መያዣ ይመስላል እንጂ ይቆረጣል።

አብዛኛው ሰው ከላይ ክዳን አድርጎ ይቆርጣል። በባትሪ የሚሠራ ሻማ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ከታች ወይም ከጀርባ ቁረጡት፣ የላይኛው ቅርጽ ሳይነካ ይቆያል፣ ግንቡም ቶሎ ወደ ውስጥ አይረግብም። ከላይ መቁረጥ ከፈለጋችሁ ቢላውን ወደ መሃል ዘንበል አድርጉት፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ክዳን ትንሽ ሲደርቅ ዱባው ውስጥ ይወድቃል።

ቀጥሎ ውስጡን ማጽዳት ነው። ልጆች የሚወዱት ይህንን ነው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያስገቡ። ፍሬውን ለብቻ አስቀምጡት። ከዚያ ፊት የሚወጣበትን በኩል በብረት ማንኪያ እየፋቃችሁ ውፍረቱን ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል አውርዱት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ግንቡ ከወፈረ ቢላው ይታገላል፣ ሰው ሲታገል ደግሞ ይገፋል፣ ሲገፋ ዱባውም ይሰነጠቃል እጅም ይቆረጣል።

ሥዕሉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሥሩት። ወረቀቱን ዱባው ላይ ለጥፋችሁ መስመሩን ተከትላችሁ በሚስማር ወይም በስቲኪኒ ብሱት፣ ወረቀቱን ስታነሱት ነጥቦቹ መንገድ ያሳዩአችኋል። የምትቆርጡት ከትንሹ ነገር ወደ ትልቁ ነው፤ አፍንጫና ዓይን ቀድመው፣ ሰፊው አፍ መጨረሻ። አፉ ቀድሞ ከተከፈተ ግንቡ ይደክማል፣ ዓይኑን ስትቆርጡ ይሰነጠቃል። የወጥ ቤት ትልቅ ቢላ አይመከርም፤ ኦክቶበር ላይ በየሱቁ የሚሸጠው ጥርስ ያለው ትንሽ መጋዝ ቀስ ብሎ የሚቆርጥ ቢሆንም በጣም የተሻለ ነው። መቁረጡ የአዋቂ ሥራ ነው። ልጅ ይሥላል፣ ያጸዳል፣ የተቆረጠውን ቁራጭ በጣቱ ገፍቶ ያወጣል።

የእሳት ሻማ አታስገቡበት። ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ነበልባል አለ፣ ሰፋፊ ጨርቅ ለብሰው እየተጋፉ የሚመጡ ልጆች አሉ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። የባትሪ ሻማ ርካሽ ነው፣ ለከርሞም ይሆናል።

የተቆረጠው ዱባ በሦስት ቀን ሻገተ። ምን ይሻላል?

የተቆረጠ ዱባ ዕድሜው አጭር ነው። ቀዝቃዛ ቦታ አንድ ሳምንት ሊሞላ ይችላል፣ ሂውስተንና አትላንታ ባለው ሙቀት ግን ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ስለዚህ እዚያ ያላችሁ በዋዜማው ቁረጡት። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጣችሁ ውስጡንና የተቆረጠውን ጠርዝ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ጠርዙን ቫዝሊን ቀቡት እንዳይጠወልግ። በረኪናውን ከአቼቶ ጋር በፍጹም አታቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ቀን ፀሐይ ላይ አይቀመጥ።

ያልተቆረጠ ዱባ ግን ሳምንታት ይቆያል። ትንንሽ ልጆች ላላቸው ቤት የምመክረው በአክሪሊክ ቀለም መቀባትን ነው። ቢላ የለ፣ መሻገት የለ።

ለመሆኑ ለምን ዱባ?

ልማዱን ያመጡት የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ናቸው። እነሱ በአገራቸው ፊት እያወጡ ብርሃን የሚያስገቡበት ተርኒፕ የሚባለውን ሥራ ሥር ነበር። በአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ የአንዱ ቅጂ አለ፣ የምሬን ከዱባው ይልቅ እሱ ያስፈራል። አሜሪካ ሲደርሱ የአገሩ ተወላጅ የሆነውን ዱባ አገኙ። ትልቅ ነው፣ ለመፈልፈልም ይቀላል። ልጆቻችሁ ይህን ሲሰሙ በስደት የመጣ ልማድ በአዲስ አገር እንዴት መልኩን እንደሚቀይር ይገባቸዋል።

ውስጡን ዱባ ወጥ ልሠራበት እችላለሁ?

ትልቁ የመቁረጫ ዱባ ሥጋው ውሃ የበዛበትና ክር ክር የሚል ነው። ይበላል፣ ግን ወጡ አይጥምም። ለዱባ ወጥ ትንሹን የፓይ ዱባ ወይም በተርነት ስኳሽ ግዙ። ተቆርጦ ደጅ ያደረ፣ በረኪና የነካው ወይም ቀለም የተቀባ ዱባ አይበላም።

ፍሬው ግን አይጣል። ከክሩ ለይታችሁ እጠቡት፣ ጨው ባለበት ውሃ ዐሥር ደቂቃ ቀቅሉት፣ በጨርቅ በደንብ አድርቁት። ከዚያ ትንሽ ዘይት ነክታችሁ በ350 ዲግሪ ፋራናይት ኦቨን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ መሃል ላይ እያገላበጣችሁ። ሲወጣ ሚጥሚጣ ነስንሱበት። መጥበሻ ላይም እንደ ቆሎ መቁላት ይቻላል፣ ብቻ ከፊቱ አትራቁ፣ ይፈነጥራል።

ለከርሞ የሚቆይ ዱባ ከወረቀት መሥራት ይቻላል ወይ?

ይቻላል፣ እኔ በጣም የምወደውም ይህንን ነው። የሚሠራው በዱቄት ሙጫ ነው፤ የስንዴ ዱቄት በብዙ ውሃ በጥብጣችሁ በእሳት ላይ እያማሰላችሁ ቀጠን ያለ ገንፎ እስኪመስል አብስሉት፣ አቀዝቅዙት። ትንሽ ጨው ጨምሩበት፣ ሻጋታን ያዘገያል። ጋዜጣውን በእጅ ቅደዱት፣ በመቀስ አይቆረጥ፤ የተቀደደ ጠርዝ አንዱ በአንዱ ላይ በደንብ ይጋደማል። ፊኛ ንፉ፣ ቁራጩን ሙጫው ውስጥ እየነከራችሁና ትርፉን በሁለት ጣት እየጠረጋችሁ ለብጡት።

አንድ ዙር ስትጨርሱ አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ከለጠፋችሁ ውጭው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይሸታል። መጨረሻ ላይ ሲነካ እንደ ካርቶን ሲንኳኳ ፊኛውን በመርፌ አፈንዱትና አውጡት። የዱባውን ሽንትር ማውጣት ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ፊኛውን በክር ከላይ ወደ ታች ስድስት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ብርቱካናማ ቀቡት፣ ከሶፍት ካርቶን ግንድ አብጁለት። ውስጡ የባትሪ መብራት ብቻ ይገባል፣ ወረቀት ነውና።

ደጃፍ የሚያደምቅ ቀላል ነገር ንገሪን።

ሁለት አሉ። አንደኛው የሻሽ ጎስት ነው። ነጭ ኮላና ውሃ እኩል በጥብጡ። ጠርሙስ ላይ ትንሽ የተነፋ ፊኛ አስቀምጡ፣ ክንድ እንዲሆን ከግራና ቀኝ ሽቦ አስሩለት። ሻሹን ኮላው ውስጥ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ከላዩ ጣሉት፣ በማግስቱ ሲደርቅ ጠርሙሱንና ፊኛውን ከሥሩ አውጡ። ጨርቁ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ልጆች ይህን ሲያዩ በጣም ይደነቃሉ።

ሁለተኛው የጣሳ ፋኖስ ነው። የቲማቲም ጣሳውን እጠቡት፣ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። በረዶው ጣሳውን ከውስጥ ስለሚደግፈው በሚስማርና መዶሻ ስትበሱት አይጨረማመትም። በፎጣ ላይ አጋድሙት፣ የሌሊት ወፍ ወይም ኮከብ በነጥብ በነጥብ ብሱበት፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ደርቆ ጥቁር ቀቡት። ለትላልቅ ልጆች ነው፤ የጣሳው አፍ ይቆርጣል፣ በወፍራም ፕላስተር ሸፍኑት።

ስፌት አልችልም። ኮስቱም ከየት አመጣለሁ?

መስፋት አያስፈልግም። ትልቅ ካርቶን ለራስና ለክንድ ቀዳዳ ካወጣችሁለት ሮቦት፣ አውቶቡስ ወይም የኮካ ኮላ ማሽን ይሆናል። አንበሳ ደግሞ የሹራብ ክርና አንድ ባለ ኮፍያ ሹራብ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ክሩን በአራት ጣታችሁ ላይ እየጠቀለላችሁ ቆርጣችሁ በኮፍያው ዙሪያ በመርፌ ቁልፍ ወይም በኮላ አያይዙት፣ ጎፈር ወጣ።

እኔ የማደላው ግን ከራሳችን ታሪክ ለሚወሰድ ነገር ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ነበረ። ነጭ ወረቀት ላይ 11 ጽፋችሁ በአራት መርፌ ቁልፍ ማልያ ላይ ስኩት፣ ከካርቶን ሜዳሊያ ቁረጡለት። ልጁ በየደጁ "ማን ነህ?" ሲባል የሚመልሰው ታሪክ ይኖረዋል። ጫማውን ግን ያድርግ።

ብርዱን አስቡበት። ሚኒሶታ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በሃሎዊን ቀን የጀመረው የበረዶ ውሽንፍር ሚኒያፖሊስ ላይ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ አራግፏል። ኮስቱሙን ከጃኬት በላይ እንዲገባ ሰፋ አድርጉት። ርዝመቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ይጠልፈዋል። ጥቁር ከለበሰ ጀርባው ላይ መብራት የሚመልስ ፕላስተር ለጥፉ፣ ሹፌር እንዲያየው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ጭምብልና የጦር መሣሪያ አሻንጉሊት አይፈቅዱም፣ ከመሥራታችሁ በፊት የመጣውን ደብዳቤ አንብቡ።

ጭምብል ይሻላል ወይስ የፊት ቀለም?

የፊት ቀለም፣ ምክንያቱም ዓይን አይከልልም። ለፊት ተብሎ የተሠራውን ብቻ ተጠቀሙ፣ የእደ ጥበብ ቀለም ፊት ላይ አይቀባም። ከጥቂት ቀን በፊት ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ሽፍታ ያመጣ እንደሆን እዩ። ወጣቶች ለሚፈልጉት ባለ ቀለም የዓይን ሌንስ ደግሞ፦ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ ሕገ ወጥ ነው፣ ዓይንም ያቆስላል። እምቢ በሏቸው።

የምንኖረው አፓርትመንት ነው። ደጅ የለንም።

በር አላችሁ። በሩን በነጭ ወረቀት ጥቅል አድርጉትና ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ለጥፉበት፣ ወይም ከጥቁር ወረቀት የሌሊት ወፎች ቆርጣችሁ ክንፋቸውን አጥፋችሁ ከግድግዳው እንዲነሱ አድርጉ። መጀመሪያ ግን የሕንፃውን ደንብ ጠይቁ፤ የእሳት አደጋ ሕግ ስላለ ኮሪደር ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ወይም በር በወረቀት መሸፈን የሚከለክሉ አሉ። መስኮቱን ከውስጥ ማስጌጥም ሌላ አማራጭ ነው።

ልጄ ኦቾሎኒ አይስማማውም። ከረሜላ መሰብሰብ እፈራለሁ።

ትክክል ናችሁ፣ መፍራት አለባችሁ። ለዚህ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ፉድ አለርጂ ሪሰርች ኤንድ ኢዱኬሽን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 በመላው አሜሪካ ያስተዋወቀው ዘመቻ ነው። ደጃፉ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ዱባ ያለበት ቤት፣ ከረሜላ ያልሆነ ስጦታም አለን እያለ ነው። እናንተም አንድ ትንሽ ዱባ ቀብታችሁ አስቀምጡ። ስጦታውን ልጁ ራሱ ይሥራው፦ የክር አምባር፣ የመጽሐፍ ምልክት፣ በወረቀት የታጠፈ እንቁራሪት። ከሚቀበሉት ልጆች መካከል ከረሜላ መብላት የማይችል አንድ ቢኖር ያ ልጅ ባዶ እጁን አይመለስም። በየቤቱ የተሰበሰበውን ግን ቤት ሳይገባ እንዳይቀምስ ንገሩት፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁ ለዩለት።

ካለፈ በኋላ ሁሉንም ምን ላድርገው?

የወረቀቱን ዱባና የሻሹን ጎስት ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ምድር ቤት እርጥበት ካለው አይሆንም፣ የዱቄት ሙጫ አይጥና ሻጋታ ይጠራል። የተቆረጠውን ዱባ ሳይፈርስ አንሱት፣ ከፈረሰ በኋላ ሲሚንቶው ላይ ይጣበቃል። ባትሪውን አውጡ፣ የተለጠፈበትን ነቅሉ፣ ከዚያ ብዙ ከተሞች የጓሮ ቅጠል ከሚወስዱበት ጋር ይቀበሉታል፤ የእናንተ ካውንቲ ይቀበል እንደሆን ድረ ገጹ ላይ እዩ። ግቢ ካላችሁ ቆራርጣችሁ አፈር ውስጥ ቅበሩት። ቀለም ወይም በረኪና የነካውን ግን ለሽኮኮም ለአጋዘንም አትተዉት።